የአማቴ ቆጠራ

አማቴ ወር የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ነበር። አውራ ጣታቸውን ከትንሿ ጣት ሥር ያሳርፉና በየአንጓው እየረገጡ ይወጣሉ፤ አንዷ ጣት ሦስት ወር፣ ሦስቱ ጣቶች ዘጠኝ ወር። አራተኛዋ ጣት ላይ ሲደርሱ «ከአምስት ቀን» ይሉና እጃቸውን ይጨብጣሉ። እመቤታችን ጌታን ከመጋቢት ሃያ ዘጠኝ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው የተሸከመችው፤ ከእሷ አብልጣ የምትሸከም ማን ናት? የእሳቸው ሒሳብ ይህ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

በጣሊያን ዘመን፣ ሰፈሩ በተቃጠለበት ዓመት ማግሥት ኅዳር ላይ፣ ያ እጅ በእኔ ሆድ ላይ ተጨበጠ። በአማቴ ቆጠራ ልጁ ለኅዳር ሚካኤል መወለድ ነበረበት። በእኔ ቆጠራ ግን ለገና ነው። ትክክሉን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ግን መናገር አልችልም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ሴት ወሯ ሲገባ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ብትጮኽም ብትሳደብም የምትሰማት የገዛ እናቷ ናት። የእኔ እናት ግን ቡልጋ ናት። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ያለ ይለፍ ወረቀት የሚያልፍ የለም፤ ይለፍ ለመጠየቅ ደግሞ የማን ሚስት እንደሆንኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ልደታ ሰፈር፣ አማቴ ቤት ቀረሁ።

ባሌ ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር፤ ከጣሊያን በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ጣሊያን ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሐበሻ ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሦስት ቀን ከተማው ነደደ። ሣር ክዳኖቹ አለቁ፤ የእኛ ቤት ቆርቆሮ ስለነበር ተረፈ። በሳምንቱ አንድ የማናውቀው ሰው በአጥሩ ቀዳዳ «ደኅና ነው፤ አትፈልጉት» ብሎን አለፈ። አማቴ ከዚያች ጠዋት ወዲህ ልጃቸውን በዓይናቸው አላዩትም። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁዳዴ ገብቶ እኩሌታው ደርሷል። አማቴ በሁዳዴ ከቅዳሴ አይቀሩም። ረፋዱ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ልደታ ማርያም ይሄዳሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ ሲወጣ ይመለሳሉ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ከመጋቢት መድኃኔዓለም ማግሥት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ እሳቸው ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ባሌ በጓሮ በኩል ገባ። ጺሙ አድጓል፤ የለበሰው የባላገር ልብስ ነው። መጀመሪያ ሌባ መስሎኝ ዘነዘና አንሥቼበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ባልና ሚስት ነን፤ ወር ከግማሽ አልተያየንም፤ ነገ መኖራችንን አናውቅም። በጾም ባልና ሚስት እንደማይተኙ ሁለታችንም እናውቃለን። ሻርነው።

ከዚያ ራበኝ አለ። በሌማቱ ውስጥ የነበረው አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሚበሉት አንድ እንጀራ ነው፤ በላዩ ስልጆ፣ ያ ከባቄላ ዱቄትና ከሰናፍጭ ተሠርቶ ቀናት የሚብላላው የሁዳዴ ምግብ። አቀረብኩለት። እንደ ልማዱ እንጀራውን ከመካከል ቆረሰ። ሰው ሁሉ ከዳር ይጀምራል፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመካከል ነው፤ እናቱ በዚህ ሲቆጡት ነው የኖሩት። ሦስት ጊዜ ጎረሰ። አራተኛውን ሲጠቀልል ከታች መንገድ ላይ ካሚዮን ቆመ፤ የወታደር ድምፅ ተሰማ። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለኝ። «ካወቀች ልፈልገው ብላ ትወጣለች፤ እሷ ስታለቅስ ደግሞ ሰፈር ይሰማል። ማርያምን በይኝ።»

«ማርያምን» አልኩት። በገባበት ወጣ። ካሚዮኑ ለእኛ የመጣ አልነበረም፤ ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ከመካከሉ የተቦደሰ እንጀራ ይዤ ቀረሁ። አማቴ ቢያዩት የማን እጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ ያውቁታል። የቀረውን ለዶሮዎች ሰጠሁና ሌማቱን ጠረግሁ። ሲመለሱ «ራበኝና በላሁት» አልኳቸው።

«በሁዳዴ? በቀትር? የእኔን?» አሉ።

ያን ቀን ሽምብራ ቆርጥመው አደሩ። ከዚያ ወዲያ በጎረቤት ፊት ስሜ «ዘጠኝ ሰዓት ያልጠበቀችው» ሆነ፤ ራሳቸው በጾሙ ጠዋት ቡና የሚጠጡ ሴቶች ሳይቀሩ ሲያዩኝ ሰዓቱን ይጠይቁኝ ነበር። ስድቡን ቻልኩት። በሕማማት ሰሞን ባሌ ተይዞ ወደ ሶማሌ በረሃ ተጫነ የሚል ወሬ ሲመጣ ግን ከአማቴ ጋር አንድ ቁና እንባ አፈሰስን፤ እኔ የማለቅስበት ምክንያት ከእሳቸው በአንድ ይበልጥ ነበር፤ ያንን ማንም አላወቀም።

ሆዴ መታወቅ ሲጀምር አማቴ አስቀመጡኝና ጣታቸውን ዘረጉ። «የካቲት ላይ ከመውጣቱ በፊት ትቶልሽ የሄደው ነው» አሉ። «እሱን ቢወስዱብኝ ዘሩን አልወሰዱብኝም።» እያለቀሱም እየሳቁም ነበር።

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

በደጉ ጊዜ ቢሆን አማቴ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሳሳቱም። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ አማት የምራቷን ወር የምታውቀው በዚህ ነው። በዚያ ጾም ግን ወጣት ሴት ሁሉ ወታደር ፈርታ ከቤት አትወጣም ነበር፤ የእኔ መቅረት ምልክት ሊሆናቸው አልቻለም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ነቀዘ። እውነቱን ብናገር መሐላ ማፍረሴ ነው፤ ያውም በማርያም፣ በምጥ ሰዓት የምጠራው የእሷን ስም አይደለም እንዴ? ስለ ባሌ ሳልናገር ቆጠራው ተሳስቷል ብል ደግሞ፣ ባሏ በሌለበት ያረገዘች ሴት መሆኔ ነው፤ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለችው ሴት የተዘጋጀ ስም ነበር፤ ልጇም ገና ሳይወለድ የጣሊያን ዲቃላ ይባላል። ባሌ መጥቶ እንደነበር ወሬው ከወጣም ሌላ ጉድ አለ። የጎረቤታችን ወንድም ለጣሊያን አስተርጓሚ ነው፤ ሽፍታ የደበቀ ቤት ምን እንደሚሆን አይተናል። ለንስሐ አባታችን እንዳልነግራቸው፣ የካቲት ላይ ተሰደው የት እንደገቡ አይታወቅም።

ፍርሃቴን በምን እንደቻልኩት ልንገራችሁ፤ ግድግዳ በመብላት። ነፍሰ ጡር የማያምራት የለም፤ ለአንዷ ትርንጎ፣ ለአንዷ ጥሬ ሥጋ፤ እኔን ያማረኝ የግድግዳ ጭቃ ነው። ከአልጋው ራስጌ በጥፍሬ እየፋቅሁ እበላለሁ። በተለይ ዝናብ ሲዘንብ ሽታው ያሰክረኝ ነበር። አማቴ ቀዳዳውን ሲያዩ ጭቃ አቡክተው ይደፍኑታል። ነፍሰ ጡር ያማራትን ከተከለከለች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ስለሚባል አይከለክሉኝም፤ ብቻ «ጣሊያን ያላቃጠለውን ቤት አንቺ በልተሽ ልትጨርሺው ነው» ይሉኛል። ማታ ማታ ሆዴን ቅቤ እየቀቡ ያሹኛል። ደግነታቸው ነበር ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። ክፉ ቢሆኑ ውሸቱ በቀለለኝ።

ኅዳር ሚካኤል መጣ፤ አለፈ። አማቴ ንፍሮ ቀቅለው፣ አጎዛ አንጥፈው፣ ገንፎ የሚሆን ገብስ አስፈጭተው ጠበቁ። ልጄ ሆዴ ውስጥ እግሩን እያወራጨ ይጫወታል። ኅዳር ጽዮንም አለፈች። ጎረቤቶች «እስካሁን?» ማለት ጀመሩ። የአስተርጓሚው እህት በተለይ በቀን ሁለት ጊዜ እሳት ልጫር ብላ ትመጣለች፤ ዓይኗ ግን ምድጃው ላይ ሳይሆን ሆዴ ላይ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ የራሴን ጣት በነጠላዬ ሥር እቆጥራለሁ። እነሱ ለመውለዴ ይጸልያሉ፤ እኔ ላለመውለዴ እጸልያለሁ።

አዋላጇ ከተክለ ሃይማኖት በኩል የሚመጡ አሮጊት ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ እጃቸው ግን ያይ ነበር። ኅዳር ሊወጣ ሲል ሆዴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ልጁ ገና ከላይ ነው» አሉ። «አልወረደም። ለእጄስ የደረሰም አይመስለኝም።»

«እንዴት አልደረሰም?» አሉ አማቴ፤ ጣታቸውን ዘረጉና ከትንሿ ጣት ጀምረው ቆጠሩላቸው። «ቀኑ ካለፈ ወዲህ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።»

አዋላጇ የአማቴን ጣት አዩ፤ የእኔን ሆድ አዩ። «እርስዎ ከቆጠሩማ ምን እላለሁ» አሉ መጨረሻ ላይ። «ቀኑ አልፎ ውሎበታል ማለት ነው። ከዋለበት ደግሞ እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። ማውረጃ አለኝ።» ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ የደረቀ ሥር ሰጧቸው። አማቴም «ታኅሣሥ አንድ ልደታ ናት፤ በእሷ ቀን ትጠጣው» ብለው ቆረጡ።

ሦስት ቀን ቀረኝ ማለት ነው። ያን ሥር አውቀዋለሁ። በክረምቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች አንዲት ሴት በምጥ ስትቸገር ያንኑ ጠጥታ ከነልጇ ነው የሄደችው። እሷ ቀኗ ደርሶ ነው፤ የእኔ ገና ስምንት ወር ነው። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ልጅ አያድግም ይባላል። ሦስቱን ቀን እህል አልወረደልኝም፤ ግድግዳውም አስጠላኝ። ማርያምን እንዲህ ስል ለመንኳት፦ ወይ መሐላዬን ፍቺልኝ፣ ወይ አማቴን ቆጠራ አስረሻቸው። ሁለቱንም አላደረገችም።

የልደታ ዕለት አማቴ ኪዳን ሰምተው፣ ጠበል ይዘው ተመለሱ። ሥሩን ቀቅለው፣ አጥልለው፣ በጣሳ አድርገው ፊቴ አስቀመጡት። ውሃው ጠቁሯል። ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጩና «በሽልም ያውጣሽ፣ ልጄ። ጠጪው» አሉኝ። እሳቸውም ፈርተዋል። የልጃቸውን ዘር ለማዳን ብለው ነው ያን ጣሳ የያዙት፤ ይህን ሳይ አለቀስኩ።

ጣሳውን ተቀበልኩ። ከንፈሬ ጋ ስደርስ ልጁ ረገጠኝ። ልጆች ሁሉ ይራገጣሉ፤ የተለየ ነገር ነው አልልም። ለእኔ ግን በቃኝ።

«እማማ፣ ቆጠራው ልክ አይደለም» አልኩ።

«የቱ ቆጠራ?»

«የእርስዎ። ልጁ የየካቲት አይደለም። የመጋቢት ነው።»

ጣታቸውን አልዘረጉም። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁ፤ ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እጃቸው ለጥፊ ሳይነሣ ቀደምኩ።

«መጥቶ ነበር» አልኩ። «በሁዳዴ፣ በመድኃኔዓለም ማግሥት፣ እርስዎ ቅዳሴ ሳሉ። እንዳልነግርዎት በማርያም አስምሎኝ ነው። ጾሙን ሻርን። ያ ሌማት ውስጥ የነበረው እንጀራ…»

አማቴ ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ጥፊ ጠበቅሁ፣ እርግማን ጠበቅሁ፣ «በጾም?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣

«የእኔን እንጀራ እሱ ነው የበላው?» አሉ።

«አዎ።»

«ስልጆውን?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከመካከል ቆረሰ?»

«ከመካከል።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ልጃቸው እንደፈራው ለቅሷቸው ሰፈር የሚሰማ ዓይነት ነበር፤ ግን አላሰሙትም። እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ከእጄ ተቀብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሲደፉት ሰማሁ። ሲመለሱ ዓይናቸውን ጠርገዋል።

«ጠግቦ ሄደ?» አሉኝ።

ሦስቱ ጉርሻ ታየኝ፤ አራተኛው ተጠቅልሎ ሳይበላ እንደቀረ። «ጠግቦ ነው የሄደው» አልኳቸው።

ከዚያ እስከ ገና ድረስ ያሉት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። አሁን የምንፈራው ሁለት ሆነናል። ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ ያዘኝ። ሴቶቹ ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ሲጀምሩ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። መሐላ ያፈረሰ አፍ እንዴት ይጠራታል? አዋላጇ ተቆጡኝ። ነገሩ የገባቸው አማቴ ብቻ ናቸው። ከኋላዬ ደግፈው ይዘውኝ ስለነበር በጆሮዬ «ጥሪያት» አሉኝ። «መሐላው የእኔ ይሁን። እኔ እጾምበታለሁ።» ጠራኋት። እንዲያ አድርጌ ማንንም ጠርቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴት ልጅ ተወለደች። ለተወሰነ ጊዜ አላለቀሰችም፤ ያችን ጊዜ ዛሬም በሕልሜ አያታለሁ። አዋላጇ ገልብጠው ጀርባዋን ሲመቷት ጮኸች። ሴቶቹ ካሚዮን በሰፈሩ ስለሚዞር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ።

ገንፎ ሊበሉ የመጡት ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ሳይቀመጡ ጣታቸው ይሠራ ነበር። የአስተርጓሚው እህት ገንፎዋን ጎርሳ፣ አውራ ጣቷን በአንጓዎቿ ላይ እያሳለፈች፣

«አሥር ወር አልፎታል እኮ» አለች። «እንዴት ነው ነገሩ?»

እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ልጄን ደረቴ ላይ አጣበቅኋት።

አማቴ የኑግ ዘይቱን ወደ ገንፎው ጉድጓድ እየጨመሩ «በእኛ ዘር ልጅ ይቆያል» አሉ። «አባቷንም አሥራ አንድ ወር ነው የተሸከምኩት።»

«እመቤታችን ራሷ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አይደል የተሸከመችው?»

«እመቤታችን የእኛ ዘር አይደለችም» አሉ አማቴ። «ብዪ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።»

በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሴት ነበሩ፤ ያውም በጾመ ነቢያት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲቆጥሩ አላየኋቸውም።

ጣሊያን ሲወጣ ከሶማሌ በረሃ የተመለሱት ተመለሱ። ባሌ አልተመለሰም። አማቴ እሱ ከሄደ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ከቅዳሴ መልስ ስልጆውን ሳቀርብላቸው፣ እንጀራውን ከመቁረሳቸው በፊት «ያን ቀን ጠግቦ ነው የሄደው?» ይሉኛል። «ጠግቦ ነው የሄደው፣ እማማ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ይበላሉ። ሊያርፉ ሲሉም ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩላቸው።

ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ። መሐላ ማፍረሴንም ተናዝዣለሁ፤ ስግደቱን ሰግጄ ጨርሻለሁ። ይህችን ውሸት ግን ለማንም ንስሐ አባት አልነገርኩም። ንስሐ የሚገባው የሚጸጸት ሰው ነው።